ስለ ኖርቫል ሞሪሶ ያልጻፋችሁት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በካናዳዊው ሰዓሊ በኖርቫል ሞሪሶ ስም ስለተሠሩት ፎርጅድ ሥዕሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ 8 ሰዎች መከሰሳቸውን፣ ከ1,000 በላይ አስመስለው የተሠሩ ሥዕሎች መያዛቸውን በደንብ ዘግባችኋል። ግን ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የገዢዎቹ ኪሳራ ነው። ሰዓሊው የለበትም። ይህ በጣም ከነከነኝ።

ሞሪሶ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኦጂብዌ ሕዝብ ልጅ ነው። ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች ናቸው። ወንድ አያቱ የጥንቱን እምነት አዋቂ ነበሩ፣ ሴት አያቱ ደግሞ ካቶሊክ። በልጅነቱ፣ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ቋንቋና ባህል ለማስጣል ከተቋቋሙት አዳሪ ትምህርት ቤቶች አንዱ ውስጥ ገባ።

ከአያቱ የሰማውን መሳል ሲጀምር የገዛ ወገኖቹ ሽማግሌዎች ተቆጡ። እነዚያ ታሪኮች ቅዱስ ናቸው። በበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ ተጭረው ለሚገባው ሰው ብቻ የሚገለጡ እንጂ ለገበያ የሚወጡ አልነበሩም። እሱ ግን የሕዝቡ ታሪክ እንዳይጠፋ ብሎ ገፋበት። ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ደማቅ ቀለም፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚታይ ዓሣና ድብ፣ ሰውና እንስሳን የሚያያይዝ ክር። በ1962 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን ሲያሳይ ሥዕሎቹ በሙሉ ተሸጡ። ብዙ ወጣት የነባር ሕዝቦች ሰዓልያን ተከተሉት። ዛሬ ዉድላንድ የሚባለው የአሳሳል ፈለግ መነሻው እሱ ነው።

የስሙን ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ወጣት ሳለ በጠና ታሞ ነበር። ለመፈወስ በተደረገለት ሥርዓት ላይ አዲስ ስም ተሰጠው፤ የመዳብ ነጎድጓድ ወፍ። የነጎድጓድ ወፍ በሕዝቡ እምነት ኃያል መንፈስ ነው። ድኖ ተነሳ። ሥዕሎቹ ላይ ይፈርም የነበረው በዚህ ስም ነው፣ ያውም ባለቤቱ ባስተማረችው፣ የሌላው ነባር ሕዝብ የክሪ ፊደል። የክሪ ፊደል እንደ እኛው ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል። ሰው ወደ ነጎድጓድ ወፍ ሲለወጥ የሚያሳየውን ባለ 6 ክፍል ትልቅ ሥዕሉን ያየ ሰው ይህ ስም ለእሱ ምን እንደነበር ይገባዋል።

አስመሳዮቹ በየሸራው የጻፉት ይህንኑ ስም ነው። ሞሪሶ የሽማግሌዎቹን ቁጣ ተሸክሞ የሳለውን፣ እነሱ ታሪኩን ሳያውቁት ለብር አባዙት። እሱ በሕይወት ሳለ የእኔ አይደሉም እያለ ጮኋል። የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ2007 ሲያርፍ ፎርጅዱ ገና ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የተበደለው ውድ ዋጋ የከፈለው ገዢ ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት። ቤተሰቡም ሕዝቡም ተበድለዋል።

በ2006 የኦታዋው ብሔራዊ ጋለሪ ሥራዎቹን ለብቻው አሳይቶለታል። ፈርስት ኔሽንስ ከሚባሉት የካናዳ ነባር ሕዝቦች ለተወለደ ሰዓሊ በዚያ ጋለሪ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ስለዚህ ጻፉልን፣ ከተፈቀደላችሁም አንድ እውነተኛ ሥዕሉን አትሙ።

አንባቢያችሁ፣ ከቶሮንቶ