መዝግቡና ክፈቱት፤ ምደባው ይደርሳል

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ ውስጥ መጻሕፍት ደርሰውት፣ መደርደሪያም ቆሞለት፣ በሩ ግን ተቆልፎ ዓመት የሚያልፍበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብርቅ አይደለም። ሲጠየቅ መልሱ «ገና አልተደራጀም» ነው። በዚሁ ሙያ የምንሠራ ሰዎች እንደመሆናችን ይህ መልስ አያሳምነንም።

ስህተቱ ሁለት ሥራዎችን አንድ አድርጎ ከማየት ይመጣል። አንዱ ምዝገባ ነው፦ ማኅተም፣ ተራ ቁጥር፣ መዝገብ ላይ አንድ መስመር። ሌላው ምደባ ነው፦ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ አይቶ የዲዊ ቁጥር (መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ የሚለይ፣ ከ000 እስከ 999 የሚሄድ ቁጥር) መስጠት፣ ካርድ መጻፍ፣ ጀርባው ላይ መለጠፍ። ሳይመዘገብ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ንብረቱ ይበተናል፤ በዚህ አንከራከርም። ምደባው ግን ተማሪ እያነበበ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ነው።

የጊዜውን ልዩነት እንይ። ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንዱ ቢያትም፣ አንዱ ቁጥር ቢጽፍ፣ አንዱ መዝገብ ቢይዝ በግማሽ ቀን 200 ያህል መጻሕፍት ይጨርሳሉ። 2,000 መጻሕፍት በአሥር ግማሽ ቀን ያልቃሉ ማለት ነው። ምደባን በትክክል የሚሠራ አንድ ሰው ግን በቀን 30 ከሠራ ጎበዝ ነው፤ ያው 2,000 መጽሐፍ ከሦስት ወር በላይ የትምህርት ቀናት ይፈጅበታል፤ ያውም ሌላ ሥራ ካልተደረበበት። የማይደረብበት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደግሞ እስቲ ይፈለግ።

ከማተም በፊት መለየት ይቀድማል። በስጦታ ከውጭ የሚመጣ ካርቶን ውስጥ ማንም ተማሪ የማያነበው ብዙ ነገር አለ፦ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ፣ የሌላ አገር የግብር መመሪያ፣ ከተከታታዩ አንድ ቅጽ ብቻ የቀረ ኢንሳይክሎፒዲያ። ይህ ሁሉ ማኅተም ተመትቶበት በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ከሆነ በኋላ ለማስወገድ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤና ወራት ይጠይቃል። ስለዚህ ከንብረት ክፍሉ ጋር ተስማምቶ ካርቶኑን በቁጥር መረከብ፣ መለየት፣ ከዚያ የሚፈለገውን ብቻ በዝርዝር ገቢ ማድረግ ይሻላል። ሻጋታ የያዘውም በዚሁ ጊዜ ተለይቶ ይውጣ፤ ከሌሎቹ ጋር ከተደረደረ ወደ እነሱም ይሄዳል።

ማኅተሙ ሁለት ቦታ ይመታ፤ የርዕሱ ገጽ ላይና ትምህርት ቤቱ በመረጠው አንድ የውስጥ ገጽ ላይ። የርዕሱ ገጽ ይገነጠላል፤ የውስጡን ግን ቦታውን የማያውቅ ሰው አይነካውም። (ገጹ ስንተኛው እንደሆነ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።) የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ፣ በተለይ በሕፃናት ባለሥዕል መጻሕፍት ላይ፣ የማኅተም ቀለም አይደርቅም፤ ተዘግቶ ሲከፈት ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ያበላሻል። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ይበቃል። የመዝገቡ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ በየዓመቱ ከ1 አይጀምር፣ የጠፋ መጽሐፍ ቁጥርም ለሌላ አይሰጥ። የዲዊ ቁጥሩ ግን በእርሳስ ይጻፍ፤ እሱ ይታረማል። መዝገቡ ላይ ቀን፣ ቁጥር፣ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ቋንቋ፣ የተገዛ ወይም የተሰጠ መሆኑ፣ ዋጋ፣ በመጨረሻም የሞዴል 19 ቁጥር ይግባ። የመጨረሻው ዓምድ ካልተሞላ የቤተ መጻሕፍቱና የንብረት ክፍሉ መዝገብ በቆጠራ ቀን አይገናኙም።

ከዚህ በኋላ ለመክፈት የሚያስፈልገው ሻካራ ድርደራ ነው፤ በቋንቋ፣ ከዚያ በደረጃ። ድሬዳዋ ላይ የቋንቋው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ፣ ሁለቱን የማያነብ ሰው ሲደረድር ከእንግሊዝኛው ጋር ይቀላቅላቸዋል ወይም እርስ በርስ ያቀያይራቸዋል። የየቋንቋው መምህር አንድ ከሰዓት ቢቀመጥ ነገሩ ያልቃል። ደረጃውን ለመለየት ረጅም ጥናት አያሻም፦ በገጽ ከአምስት መስመር ያልበለጠ ጽሑፍ ያለው ማንበብ ለሚጀምሩት፣ በምዕራፍ የተከፈለው ለመካከለኞቹ፣ የቀረው ለላይኛው ክፍል። ለየቋንቋው አንድ ቀለም ተመርጦ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ከመጽሐፉ ጀርባ ግርጌ ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ተደርጎ ይለጠፍ። ከፍታው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከሩቅ ይታያል።

ለመለጠፍ ስኮች አንመክርም። በድሬዳዋ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ከጠርዙ ይወጣል፤ መጽሐፉን ከጎረቤቱ ያጣብቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲላጥ ቆዳውን ይዞ ይነሣል። ተራ ነጭ ኮላ በስሱ ተቀብቶ በጨርቅ ከተጫነ ረጅም ዘመን ይቆያል። ቀይ ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ስለሚነጣ የከሰዓት ፀሐይ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ይሁን።

መደርደሪያውን በተመለከተ ግን «ይደርሳል» የሚባል ነገር የለም። ቁመቱ ከልጅ የሚበልጥ መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር በብረት ካልታሰረ በሩ አይከፈት፤ ልጆች ይንጠላጠሉበታል። ታስሮም ቢሆን ከግድግዳው አሥር ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ። ምስጥ ከግድግዳ ወደ እንጨት የሚሻገረው ሁለቱ ሲነካኩ ነው፤ ክፍተት ካለ የጭቃ መንገዱን ሲሠራ ይታያል፣ ይፈርሳል። የእንጨት እግሮችን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ጣሳውን ልጅ በማይነካው በኩል ማድረግ ብቻ ነው። ታችኛው እርከን ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ምን እንዳደረገ ለሚያስታውስ ከተማ ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ወንዙ አጠገብ ላሉት 15 ሳንቲሜትርም አይበቃም። በነገራችን ላይ፣ ምስጥ አብልጦ የሚወደው ወለል ላይ ለወራት ሳይነካ የተቀመጠ ካርቶን ነው። «እስኪደራጅ» ተብሎ የተቆለፈበት መጽሐፍ እንግዲህ ለማን እንደተቀመጠ ይታያል።

የመጀመሪያው ወር ውሰት የሌለበት ይሁን፤ ንባቡ እዚያው ክፍል ውስጥ። ተማሪ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያ አይመልስ፤ ጠረጴዛ ላይ ይተወው። ይህ ትእዛዝ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ድርደራው አይበላሽም። ሁለተኛ፣ ማታ ጠረጴዛው ላይ የተገኘው መጽሐፍ ሁሉ የዚያን ቀን የተነበበ ነው፤ ከኋላ ገጹ በእርሳስ አንድ ጭረት ይደረግበት። ወሩ ሲያልቅ ጭረት የበዛባቸው መጻሕፍት መጀመሪያ ይመደባሉ። በራችንን ዘግተን ብንመድብ ኖሮ ከ000 ጀምረን፣ ማንም ያልነካውን ስንጽፍ እንከርም ነበር። ማንበቢያ ሰዓቱም በፈረቃ መለዋወጫው ላይ ይሁን፤ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱም ቀድሞ ሲመጣ። ምሳ ሰዓት የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት ተማሪው ነፃ በሆነበት ሰዓት የተዘጋ ነው። ከስምንት እስከ አሥር አባላት ያሉት የተማሪዎች ክበብ በተራ ቢያግዝ፣ አንድ ሠራተኛ ይህን ይችላል።

ምደባው ሲጀመር ሁለት ነገሮች ያደናቅፋሉ። የእኛ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፤ በአባቱ ስም አይደለም። ከውጭ የተቀዳ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን የመጨረሻውን ስም ወደ ፊት ይገለብጣል፤ ስለዚህ ስሙ ሙሉውን በአንድ ሳጥን ይግባ። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። «ሀይሉ» እና «ኃይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» በሁለት ቦታ ከተደረደሩ መጽሐፉ እያለ የለም ይባላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለድርደራ ብቻ እንደ አንድ ፊደል ይቆጠሩ። ዲዊም ቢሆን ለእኛ አልተሠራም፦ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820 ላይ ሲቀመጥ የአማርኛው 892 ውስጥ ከነጥብ በኋላ ነው የሚገኘው። ለአንድ ትምህርት ቤት ሦስቱ አኃዞች ከቋንቋው ቀለም ጋር ይበቃሉ።

አሁን ወደ እውነተኛው ምክንያት። በሩ የሚቆለፈው በዲዊ ምክንያት አይደለም፤ ቁልፍ ያዡ እያንዳንዱን መጽሐፍ በስሙ ፈርሞ ስለተረከበ ነው። አንድ የሕፃናት መጽሐፍ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ ሰው «አልተደራጀም» ቢል አይፈረድበትም። መጽሐፍ በተነበበ መጠን ያልቃል፣ ይጠፋልም። እንግዲህ ርእሰ መምህሩ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱና የንብረት ክፍሉ ከመክፈቻው በፊት በቃለ ጉባኤ ይስማሙ፦ በዓመት ምን ያህል መጥፋት እንደ ተለመደ አገልግሎት ይቆጠራል? ተራው የንባብ መጽሐፍስ አላቂ ነው ወይስ ቋሚ ንብረት? ቆጠራውም ከሰኔ 30 በፊት፣ ተማሪው ፈተና ላይ ሳለ ይደረግ።

የከተማው ትምህርት ቢሮ አቅም ካለው በመጪው ክረምት ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ ወጥ የምዝገባ መዝገብ ቢያሳትምና የዚህን ቃለ ጉባኤ ናሙና አብሮ ቢልክ፣ መስከረም ላይ ብዙ ካርቶን ይከፈታል።

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች
ከድሬዳዋ