ተመልካችሽን አትናቂ

ልጄ፣

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ የነገረችኝን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያንን የኮሜርሻል ፊልም ሥራ እምቢ ማለትሽ አይደለም ያስጨነቀኝ፣ እሱ መብትሽ ነው። ያስጨነቀኝ ምክንያትሽ ነው፣ "ብዙ ሰው የሚያየው ፊልም የማንንም ጭንቅላት አይቀይርም፣ ሕዝቡ የሚፈልገው መሳቅና ማልቀስ ብቻ ነው" አልሽ አሉ። ሐሙስ ልትሄጂ ነው፣ ፊት ለፊት ባነሳው እንደምንጨቃጨቅ ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ። ተመልካችሽን አትናቂ።

ይቺን ነገር ካንቺ በፊት እኔ ብያታለሁ፣ ያውም ለአያትሽ።

አጎትሽ ታሞ የኋላው ክፍል የተኛበትን ጊዜ እናትሽ ነግራሻለች። ያልነገርንሽ የብርጭቆውን ነገር ነው። አያትሽ የሱን ብርጭቆ ማንም እንዳይነካው ብለው ለብቻው መስኮቱ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የገዛ ልጃቸውን በር ላይ ቆመው "እንዴት አደርክ" ይሉትና ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ ያኔ ልክ እንዳንቺ ነበርኩ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ፌስቲቫል ላይ የተሸለመ ካልሆነ ፊልም አይመስለኝም።

አንድ ማታ አክስትሽ "ፊላደልፊያ"ን በካሴት ይዛ መጣች፣ የ1993ቱን፣ ቶም ሃንክስ ኦስካር የወሰደበትን። አያትሽ ሰውየውን የሚያውቁት በኮሜዲ ስለሆነ ሊስቁ ነው የተቀመጡት። ዴንዘል ዋሽንግተን ጠበቃ ሆኖ ይሠራል፣ ቢሮው የመጣውን ሃንክስን ይጨብጠዋል፣ ከዚያ ሰውየው ኤድስ እንዳለበት ሲነግረው ወደኋላ ይሸሽና ጠረጴዛው ላይ የሚነካውን ዕቃ ሁሉ በዓይኑ ይከተላል፣ ቀጥሎ ሐኪም ጋ ይሄዳል። እዚህች ጋ አያትሽ የራሳቸውን መዳፍ ገልብጠው አዩት። በዓይኔ አየኋቸው እኮ! ፊልሙ የሳቸውን ፍርሃት ለክፉ ሰው አልሰጠውም፣ ለሚወዱት ሰው ነው የሰጠው፣ ስለዚህ ማንም ሳይሰድባቸው ከሱ ጋር አብረው ፈሩ፣ ከሱ ጋር አብረው ቀስ በቀስ ለዘብ አሉ።

ሲያልቅ ወደኔ ዞረው አንድ ነገር ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀደም ብዬ "ይሄ እኮ የሆሊውድ ማስለቀሻ ነው፣ እውነተኛ ፊልም አይደለም" አልኩ። ዝም አሉ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ገቡ። ወደ ኋላው ክፍል ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በዚያ ብርጭቆ ውሃ የጠጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አጎትሽ ከዚያ በኋላ የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ምን ሊጠይቁኝ እንደነበር ሳልሰማ ሞቱ እሳቸውም። ሦስቱን ሳምንት ከሁለቱም የቀማሁት እኔ ነኝ።

አርት ፊልም ዋጋ የለውም እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። የፖላንዳዊውን ዳይሬክተር የኪሽሎቭስኪን "ስለ መግደል አጭር ፊልም" አብረን አይተን የለ፣ የባለታክሲው አገዳደል አላልቅ ሲል፣ ከዚያ ደግሞ መንግሥት ገዳዩን ሲሰቅለው ያንኑ ያህል ሲያስጨንቅ ትራስ አቅፈሽ ነበር። ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 1988 ፖላንድ ውስጥ ስለ ሞት ቅጣት ክርክር በነበረበት ጊዜ ነው፣ ከዚያ ዓመት በኋላ እዚያ ማንም አልተሰቀለም፣ በ1997 በወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ቅጣቱ ጭራሽ ቀረ። ፊልሙ ብቻውን አመጣው አልልም፣ ግን ሲከራከሩበት የነበረውን ነገር በዓይናቸው አሳይቷቸዋል። እንደዛ ዓይነት ፊልም መሥራት ከቻልሽ ሥሪ፣ እኔ ነኝ መጀመሪያ የማየው።

ብቻ ብዙ ሰው የሚያየው አይቀይርም አትበዪኝ። በ1915 ግሪፊዝ የሠራው "የአንድ ሕዝብ ልደት" በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ያየው ፊልም ነው፣ ጥቁሮችን ያሸብር የነበረውን የነጭ ዘረኞች ቡድን ኩ ክለክስ ክላንን ጀግና አድርጎ አቀረበው፣ ጠፍቶ የነበረው ክላን በዚያው ዓመት እንደገና ተቋቋመ፣ በፊልሙም አባል ይመለምልበት ነበር። ይቀይራል ልጄ፣ በክፉም ይቀይራል። እና አንቺ ጥለሽው ስትሄጂ ማን እንዲሠራው ነው? ፌስቲቫል ላይ አዳራሹን የሚሞላው ሰው አብዛኛው ቀድሞ ካንቺ ጋር የተስማማ ነው፣ እንደ አያትሽ ያለው ሰው ግን የሚቀመጠው ለሚያውቀው አክተር ብሎ ነው። እሱን አትናቂ።

ሃርድ ዲስክሽን ሁለት ቦታ ኮፒ አድርጊ፣ አንዱን እኔ ጋ ተዪው። ፓስፖርትሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ፣ በእጅሽ ያዢ። ጃኬቱንም። ሌሊት እያደርሽ ኤዲት ማድረጉን ተዪ፣ ራስ ምታትሽ ከሱ ነው። የመጀመሪያ ፊልምሽን ስትጨርሺ ለፊልም ሰው ከማሳየትሽ በፊት ፊልም ለማይገባው ሰው አሳዪ፣ ሲያልቅ ደግሞ አንቺ አታውሪ፣ አፉን እስኪከፍት ጠብቂ። ዝም ካለም ጠብቂ። ተመልካችሽን አትናቂ ያልኩሽ ይሄንን ነው።

ለአክስትሽ ሳትደውዪ እንዳትሄጂ፣ ነገር አመላለሰች ብለሽም አትቀየሚያት። ካሴቱን ያመጣችው እሷ ናት፣ ያን ማታ የተናገርኩትን ሰምታ ምንም ሳትል ካሴቱን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ እስከዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ዛሬ ማታ እኔም እደውልላታለሁ።

አባትሽ