ያቺን ንግግር አትቁረጧት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እ.ኤ.አ. በ1170 በካንተርበሪ ካቴድራል ስለተገደለው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ቲ. ኤስ. ኤልየት የጻፈውን የግጥም ድራማ መድረክ ላይ ለምታወጡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከግድያው በኋላ አራቱ ገዳዮች ወደ ተመልካቹ ዞረው ሥራቸውን ያስረዳሉ። ግጥሙ ድንገት ቀጥ ይላል። ንግግሩ እንደ ስብሰባ ንግግር ተራ ይሆናል። እባካችሁ፣ ሰዓት ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን አትቁረጡት! አስከሬኑ ገና አልተነሳም፤ እነሱ ግን በጨዋ አንደበት ያግባቡናል። እኔ ሳላስበው ራሴን በአዎንታ ስነቀንቅ ደንግጫለሁ።

ከትርኢቱ በኋላ የምታደርጉትን ውይይትም «ቤኬት ቅዱስ ነው ወይስ ግትር?» ብላችሁ አትክፈቱት። በድራማው ውስጥ ቤኬትን ሊፈትኑት ከሚመጡት አራት ፈታኞች ከመጨረሻው፣ ከአራተኛው ጀምሩ። እሱ ለቤኬት የሚያቀርበው ሥልጣን ወይም ድሎት አይደለም፤ የሰማዕትነትን ክብር ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይከራከር።

አንድ የቲያትር ወዳጅ