ጫማዎን ታቅፌ የቆየሁበት ገደል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትልቋ ማንበብ ጀምራለች፣ ትንሹም የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ለአያቴ ካላሳየሁ እያለ ያስቸግራል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ወንድሜ የነገረኝ ነገር ነው፤ ለጥቅምት 14 ለአቡነ አረጋዊ በዓል ደብረ ዳሞ ሄደው እንደገና ሊወጡ ቆርጠዋል አለኝ።

ያን ጊዜ ዘንዶው አቡነ አረጋዊን አወጣበት የሚባለውን፣ 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ስትወጡ፣ እኔ ከእናቴ ጋር ከሥር ቀርቼ ጫማዎን ታቅፌ፣ ባዶ እግርዎ ዐለቱን ሲረግጥ አንጋጥጬ አይ ነበር። ሴት እንዳትወጣ የሚከለክለው የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ በእርሱ አልተቀየምሁም። የተቀየምሁት ሲወርዱ ቤተ ክርስቲያኑ ምን እንደሚመስል ብጠይቅዎ «አንቺን ምን ያደርግልሻል?» ብለው፣ መንገዱን ሙሉ ለወንድሜ ብቻ ስላወሩለት ነው።

እኔ ሕንፃውን ያወቅሁት ሥነ ሕንፃ ስማር ነው። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት በየረድፉ እየተፈራረቀ የተሠራ መሆኑን፣ አግዳሚ እንጨቶቹን ከግድግዳው ጋር ቆልፈው የሚይዙትም ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ያለው፣ «የዝንጀሮ ራስ» የምንላቸው አጫጭር ግንዶች መሆናቸውን ተማርሁ። ይኸው አሠራር በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል፤ የላሊበላውን ቤተ አማኑኤል የፈለፈሉትም ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ መልክ ከአንድ ዐለት አውጥተውታል። ስንት ጊዜ እንደሣልሁት አልቆጥረውም። በመግቢያው ክፍል ጣሪያ ላይ ያሉትን፣ እንስሳት የተቀረጹባቸውን የእንጨት ገበታዎች ግን ከሁሉ አብልጬ እወዳቸዋለሁ። ንድፍ ብርሃኑን አይነግርም፤ ቀና ብለው ሲያዩ ጨለማ ነበር ወይስ ከደጅ የሚገባው ብርሃን ይደርሳቸው ነበር?

አባቴ፣ ባለፈው ፋሲካ ሲኒውን ሲያነሡ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ፣ ቡናውም ጋቢዎ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ገመዱን የሚይዙት በዚያው እጅ ነው። የግፊት መድኃኒትዎም ሊያልቅ ስለ ደረሰ ነገ እልክልዎታለሁ፤ እባክዎ አያቋርጡት።

በዓሉን አብረን እንሂድ። ወንድሜ ይውጣ፤ እርስዎ ከእኔ ጋር ከሥር ይቀመጡልኝ። ንድፌን ይዤ እመጣለሁ፤ ከበሩ ጀምረው እየነገሩኝ፣ የተሳሳትሁትን በእርሳስ ያርሙልኝ።

ልጅዎ