«መቼ ነው የተማታው?» ብላችሁ ጠይቁ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚጥል በሽታ የጀመረው ሰው ቤተሰቡን ሲሳደብ ወይም ሲማታ «በሽታው ነው» ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። መዘጋት የለበትም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መቼ እንደተማታ ነው።

በሚጥለው ሰዓት ሰው ለይቶና አስቦ ማጥቃት እጅግ ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ የባለሙያዎች ጥናት ከ5,400 ገደማ ታማሚዎች መካከል በሚጥላቸው ሰዓት ያጠቃሉ ተብለው በቪዲዮ እንዲመረመሩ የተመረጡት 20 እንኳ አልሞሉም። ድብደባው የሚበዛው መንቀጥቀጡ ካበቃ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። ዓይኑ ተገልጧል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል፣ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ከኋላ ክንዱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ወንድሙ ቢሆንም ለእሱ የማያውቀው አጥቂ ነው፤ ይገፋዋል፣ ይመታዋል፣ ኋላ ግን አያስታውሰውም። ስለዚህ አትያዙት። ስለታም ነገር አንሱ፣ ከጎኑ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ስሙን እየጠራችሁ በዝግታ አናግሩት። ወደ ደረጃ ወይም ወደ መንገድ ካመራ ብቻ ቀስ ብላችሁ መልሱት። በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ደግሞ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል።

በተከታታይ ጥሎት ከተሻለው ከአንድ ቀን እስከ ሳምንት ባለው ጊዜ እንቅልፍ ካጣ፣ ሰው ከተጠራጠረ ወይም ድምፅ ከሰማ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከሁሉም የሚያስፈራው ይኼ ነው።

በጣም የሚዘነጋው ግን መድኃኒቱ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በብዛት የሚታዘዘው ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ሰው ነጭናጫና ቁጡ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜም በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል። ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በተለመደው መጠንም ብዙ ይከማችበታል። በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ይቀንሰው ወይም ይለውጠው።

ቀዶው የግንባሩን የአንጎል ክፍል ነክቶ ከሆነም፣ ምንም ሳይጥለው ትዕግሥቱ ሊያልቅ ይችላል፤ ያኔ የሚጥል በሽታ መድኃኒት መጨመር አይረዳውም።

ለሐኪሙ የሚጠቅመው አንድ ደብተር ነው፦ የጣለበት ቀንና ሰዓት፣ መድኃኒቱ የተጨመረበት ወይም የተቀነሰበት ቀን፣ የተቆጣበት ቀን፣ ከመቆጣቱ በፊት ማን ይዞት እንደነበር።