ስለ ድሮው የወንዝ መሻገሪያ

ይድረስ ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጤና ይስጥልን።

ሰኞ ጠዋት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እስከ ወገቡ ረጥቦ ክፍል ገባ። ደብተሩን ግን በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ ከውሃ አድኖታል። "በድልድዩ ለምን አልመጣህም?" ብዬ ስጠይቀው፣ "አባዬ እኛም በዚህ እየተሻገርን ነው የተማርነው ብሎኝ ነው" አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይኸው መልስ ነው።

ወንዙን ከእኔ በላይ እንደምታውቁት አልክድም። እኔ መጤ ነኝ። ነገር ግን እናንተ ትረግጡት የነበረው አሸዋ አሁን እዚያ የለም። ከተማው ሕንጻ በጀመረ ቁጥር አሸዋው የሚጫነው ከእኛ ወንዝ ነው። ገልባጭ መኪናው ሲሄድ ጉድጓዱ ይቀራል። ውሃ ሞልቶበት ከላይ ሲያዩት ለጥ ያለ ይመስላል። ማክሰኞ ዱላ ይዤ በድሮው መሻገሪያ ገባሁ። ሦስት እርምጃ ያህል ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። በአራተኛው ዱላው ሰምጦ ውሃው እጄን ነካኝ። ዱላ ባልይዝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ።

እኛ ጋ ፀሐይ ስለወጣ ብቻም አትመኑት። ላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ እዚህ ይደርሳል። ጠዋት የተሻገረ ልጅ ከሰዓት መመለሻ ያጣል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከዳር መራቅ ነው። በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ይጥላል። ልብስ እያጠባችሁም "ከጮኸ እሰማዋለሁ" አትበሉ። የሚሰምጥ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮህም፤ ለመተንፈስ እንኳ ፋታ የለውም።

ስለዚህ ልጆቹ በድልድዩ ይምጡ። መዞሩ እንደሚያስረፍድ አውቃለሁ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ትምህርት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል። ወንዙ በሞላ ቀን የቀረ ልጅም አይቀጣም።

በአሸዋ ሥራ የምትተዳደሩ ወላጆች አላችሁ። እንጀራችሁን አልነካም። ብቻ ቆፍራችሁ ስትጨርሱ ጉድጓዱ ዳር አንድ እንጨት ትከሉልን። የሚታሰርበትን ቀይ ጨርቅ እኛ እንሰጣለን፤ ከስፖርት ቀን የተረፈ ሞልቶናል።

የምትጠራጠሩ ካላችሁ አርብ ከሰዓት መሻገሪያው ላይ እንገናኝ። ዱላውን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ