የሳይንስ ክበብ፦ ከአንድ የጾም ጥያቄ የተነሳ ሥራ

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ችግኝ በመንከባከብና የቤተ ሙከራውን መደርደሪያ በማስተካከል አለፈ። ክበባችን በእውነት የሞቀው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል፣ «ቲቸር፣ ኮሌስትሮል ያለው ሥጋና ቅቤ ውስጥ ነው። 55 ቀን ስንጾም ሴሎቻችን ከየት ያገኙታል?» ብላ ጠየቀች። «ቢቀርስ? በሽታ አይደል እንዴ?» ያላትም ነበር።

መልሱ አጭር ነው፤ ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል። ልጆቹ ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። ሰውነት ይህን ያህል የሚደክምለት ምን ቢጠቅመው ነው?

ይህን ስንከታተል ሳምንታት ሄዱ። የሴል ሽፋን ሁለት ረድፍ ፎስፎሊፒድ፣ ማለትም ፎስፌት ያለው የስብ ዓይነት፣ ነው። ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1925 እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረሱት ከቀይ የደም ሴል ተነሥተው ነው። እያንዳንዱ ፎስፎሊፒድ ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሹ ሁለት ጭራዎች አሉት። ኮሌስትሮል በመካከላቸው ይሰካል። አራት ቀለበት ያለው ደረቅ አካሉ ከጭራዎቹ ጎን ይቆማል።

ሰልፍ ሜዳ ላይ ወጥተን በራሳችን ሠራነው። ራስ ያው ራስ፣ ሁለት እግር ሁለት ጭራ ሆነ። «ሙቀት!» ስል እስክስታው ቀለጠ፣ ሰልፉ ተበተነ። እጃቸውን አጣምረው ቀጥ ያሉ «ኮሌስትሮሎች» መሃል ሲገቡ ግን ጎረቤቶቻቸው እንደ ልብ መወዛወዝ አቃታቸው። ሰልፉ ተሰበሰበ። እኔም ሰሌዳው ላይ «ኮሌስትሮል ሽፋኑን ያጠነክራል» ብዬ ጻፍኩ።

የጻፍኩት ግማሹን ብቻ ነበር። «ብርድ!» ስል ፎስፎሊፒዶቹ ትከሻ ለትከሻ ሊጣበቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ቲቸር፣ እኛ መሃል ስላለን እኮ ነው!» አለ አንዱ ኮሌስትሮል። ልክ ነበር። ቅቤ በጠዋት ብርድ ይረጋል፣ የኑግ ዘይት አይረጋም፤ ቀጥ ያለ ጭራ ተደርድሮ ይጠጋጋል፣ የታጠፈ ግን አይመቸውም። ኮሌስትሮል ያን መደርደር ያፈርሳል። በሙቀት የሚይዘው በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሰሌዳውን አጥፍቼ ደግሜ ጻፍኩ። ከዓመቱ ሁሉ የምወዳት ደቂቃ ያቺ ናት።

ኮሌስትሮል ደም ውስጥ ሲበዛ ለልብና ለደም ሥር ጠንቅ መሆኑንም በወላጆች ቀን በግልጽ ተናግረናል።

በሰኔ የመጨረሻ ስብሰባችን ላይ ስለ ካላዛር አነሣን። በመተማና በሁመራ አካባቢ ብዙ ሰው የሚያሠቃየው፣ በጥገኛ ተሕዋሲ የሚመጣ በሽታ ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አምፎተሪሲን ቢ፣ በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ተይዞ በደም ሥር ይሰጣል። የከረጢቶቹ ሽፋን ከፎስፎሊፒድና ከኮሌስትሮል የተሠራ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ የሚያጠቃው በጥገኛ ተሕዋሲው ሽፋን ላይ ያለውን ኤርጎስትሮል፣ የኮሌስትሮልን ዘመድ ነው። የጾሙን ጥያቄ ያነሣችው ልጅ ይህን ስትሰማ ደብተሯን አውጥታ ከረጢቱን መሳል ጀመረች፤ ደወሉ ተደውሎም አልተነሣችም።